ክሩዝ ወይስ በራስ መንገድ? ከቱሉ ዲምቱ ሆነን ስንመርጥ

ባለፈው እሁድ ታች ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ቡና ጠርተውኝ ስልካቸው ላይ አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ፎቅ በፎቅ የተደራረበ ትልቅ ነጭ መርከብ ነው። ካናዳ ያለችው ልጃቸው ናት የላከችላቸው። «በዚህ ሰባት ቀን እንዙር ትለኛለች፤ ካልሆነ ሮም ቤት ተከራይተን እንቀመጥ ትላለች። አንተ ሁለቱንም አይተኸዋል፣ የቱ ይሻለኛል?» አሉኝ። ቡናው በረካ እስኪደርስ አወራን፤ ደረጃውን ስወጣ ግን ያልነገርኳቸው ነገር ብዙ እንደሆነ ታወቀኝ።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልጅ ወይ ወንድም ውጭ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። «እናንተ ኑ፣ መሃል ላይ እንገናኝ» የሚል ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ በተደጋጋሚ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው።

እኔ ያየሁት ይህን ነው። ከባለቤቴ ጋር ማንም ሳያዘጋጅልን ናይሮቢና ሞምባሳ ሄደናል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ከእናቴ፣ ቱሪን ካለችው እህቴና ከሚኒሶታ ከመጣው ወንድሜ ጋር ሜዲትራኒያን ላይ ሰባት ሌሊት በክሩዝ፣ ማለትም እያደሩበት ከወደብ ወደብ በሚያዞር የመዝናኛ መርከብ ዞርን። ከመርከቡ ስንወርድ እኔና እህቴ ሮም አራት ቀን ቆየን። ያቺን ከተማ መጀመሪያ በመርከብ መንገደኛ ዓይን፣ ከዚያ በእግረኛ ዓይን ስላየኋት ልዩነቱ እስካሁን አይኔ ላይ አለ።

ከቪዛው ጀምሩ

ሌላ አገር ያለ ሰው ክሩዝ ሲመርጥ ስለ ክፍሉ ስፋትና ስለ መዋኛው ይጠይቃል። እኛ ግን አስቀድመን መጠየቅ ያለብን መርከቡ የት የት እንደሚቆም ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው እያንዳንዱ ወደብ ድንበር ነው።

ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ማልታና ግሪክ ሼንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ውስጥ ናቸው። ክሮኤሺያም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገብታለች። መርከቡ በእነዚህ መካከል ብቻ ከዞረ አንዱ ቪዛ ይበቃችኋል። ችግሩ ብዙ መርከቦች መሃል ላይ ቱኒዚያ ወይ ቱርክ ወይ ሞንቴኔግሮ ጎራ ማለታቸው ነው። ያኔ ከሼንገን ወጣችሁ ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ ጣሊያን ስትደርሱ ሁለተኛ መግቢያ ይቆጠራል። ቪዛችሁ ላይ የመግቢያው ብዛት 01 ተብሎ ከተጻፈ መርከቡ መጀመሪያውኑ ላያሳፍራችሁ ይችላል። ቱርክ ደግሞ የራሷን ቪዛ ልትጠይቅ ትችላለች። አንዲት የማውቃት ልጅ ይህን ሳታይ ከእህቷ ጋር የግሪክና የቱርክ ዙር ከፍላ ነበር፤ ያወቀችው የኤምባሲ ቀጠሮዋ ሳምንት ሲቀረው ነው። የክሩዝ ውል ላይ ሰነድ ማሟላት የተሳፋሪው ኃላፊነት እንደሆነ ይጻፋል። ጎድሎባችሁ ከወደብ ከተመለሳችሁ ገንዘቡ አይመለስም።

ማመልከቻውን በየትኛው ኤምባሲ ታስገባላችሁ የሚለውም ራስ ያዞራል። ደንቡ ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። መርከብ በየቀኑ አገር ስለሚቀይር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። እኛ ሮም የምንቆይባቸውን ቀናት ስንጨምር ጣሊያን በግልጽ በለጠች፣ ወረቀቱም ቀለለን። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ። ቢከለክሏችሁም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ እንዳትዘገዩ። ክሩዞች አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ክፍያውን ከጉዞው ሁለት ሦስት ወር በፊት ነው የሚጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ ብትሰርዙ እየቆረጡ ነው የሚመልሱት። የቪዛው መልስ ከዚያ ቀን በፊት እጃችሁ ላይ መግባት አለበት።

በራስ መንገድ ስትሄዱ ይህ ጭንቀት ይቀላል። ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሆቴል ይዛችሁ ታመለክታላችሁ፤ ቪዛው ካልመጣ የምታጡት የማመልከቻውን ብር ነው። ኬንያ ከሆነማ ለኛ ቪዛም አያስፈልግም። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዞ ቦሌ መሄድ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ በርራችሁ ናይሮቢ ናችሁ።

«ሮም» የተባለው ወደብ ሮም አይደለም

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። የክሩዝ ማስታወቂያ ላይ «ሮም» ሲባል መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል። «ፍሎረንስ» ማለት ሊቮርኖ ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ፓሪስ» ሲሏችሁ ለ አቭር ናት፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል። ከኛ ሰፈር ተነስቶ በፈጣን መንገዱ አዳማ ደርሶ መመለስን አስቡት። ያንን በአንድ ቀን ሠርታችሁ መሃል ላይ የተረፈችው ሰዓት ናት ከተማዋን የምታዩባት።

መርከብ ወደብ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት። ለመውረድ ወረፋ አለ። ከመነሻው ቀደም ብሎ ደግሞ ሁሉም ተሳፋሪ ገብቶ መገኘት አለበት። በራሳችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ መርከቡ ትቷችሁ ይሄዳል፤ እስከሚቀጥለው ወደብ በራሳችሁ ወጪ ነው የምትከተሉት። መርከቡ ራሱ ያዘጋጀውን ጉብኝት ከገዛችሁ ይጠብቃችኋል። እሱ ግን ይወደዳል፣ አርባ ሃምሳ ሰው ሆናችሁ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ተከትላችሁ ነው የምትሄዱት።

በተጨማሪ ወደቡ ላይቆም ይችላል። እኛ ፓሌርሞን ለማየት ጓጉተን ነበር፤ ነፋስ በረታ ተባለና መርከቡ አልፏት ሄደ። የወደብ ግብሯን መለሱልን እንጂ ሌላ ካሳ አልነበረም፤ ውሉም ይፈቅድላቸዋል። እናቴ ለፓሌርሞ ብላ ያወጣችውን ነጭ ነጠላ አጥፋ መልሳ ሻንጣ ውስጥ ስትከት ሆዴን በላኝ።

አሁን የሮምን አራት ቀን ልንገራችሁ።

ከባቡር ጣቢያው፣ ከቴርሚኒ፣ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል፣ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተወስዶ የቆመው እዚያ ሐውልት አጠገብ ነበር። ዘርዓይ ደረስም ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። ይህን ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ቦታው ላይ መቆም ሌላ ነው።

በማግስቱ ከኮሎሲየም ወረድ ብለን ፖርታ ካፔና ሄድን። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው። አሁን መኪና ይሽከረከርበታል። እህቴ ሃያ ዓመት ጣሊያን ስትኖር አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አታውቅም፤ አብረን ቆመን ዝም አልን። ቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ደግሞ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። መነኮሳቶቻችን በእግርና በመርከብ ተጉዘው ያርፉበት የነበረ ቦታ ነው። የግዕዝ አዲስ ኪዳን በ1540ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም እዚያ ከኖሩት አንዱ ናቸው።

እኛን የወሰደው የመርከቡ ጉብኝት ዝርዝር ላይ ከዚህ አንዱም አልነበረም። እንዲኖርም አልጠብቅም፤ ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ከመላው ዓለም ለመጣ መንገደኛ ነው። የኛን አሻራ ልፈልግ የሚል ሰው ግን ጊዜና እግር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም፤ አገር ማየት ከሆነ ፍላጎታችሁ በየብስ ሂዱ።

እናቴና መርከቡ

ይህን ካልኩ በኋላ እናቴን ላንሳ። ዕድሜዋ ሰባ ሁለት ነው፣ ጉልበቷ ያማታል፣ የኛን አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ሁለት ቦታ ታርፋለች። ሮም ላይ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ከእኔ ጋር ቀኑን ሙሉ መሄድ አትችልም ነበር። መርከቡ ላይ ግን ሻንጣዋን አንዴ ፈታ ሰባት ቀን አልነካችውም። ሊፍት አለ። ክፍሏን የምታጸዳላት የፊሊፒንስ ልጅ በሦስተኛው ቀን «ማማ» ብላ ትጠራት ጀመር። ጠዋት በረንዳው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ፊቷ ላይ ባሕር ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ማታ ማታ ያለው ነው። አራታችን አንድ ማዕድ ላይ ከተቀመጥን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር። ወንድሜ አዲስ አበባ ሲመጣ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ለቅሶ መድረስ አለ፣ ጉዳይ አለ፣ ከቦሌ ወደኛ ሰፈር ያለው መንገድ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። መርከቡ ላይ የሚሄድበት የለውም። ሰባት ማታ ሙሉ ከእናታችን ጎን ተቀምጦ የአባታችንን ነገር ሲያወራ ነበር። ያንን በየትኛውም ሆቴል አናገኘውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሆቴል ከሆነ አንዱ ገበያ ይወጣል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ጓደኛ አገኘሁ ብሎ ይጠፋል።

ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ጥቂት ነገር ልጨምር። ክፍል ስትይዙ መርከቡ መሃል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ይሁን፤ ንቅናቄው እዚያ ያነሰ ነው፣ የሚያጥወለውለው ሰው ይቀለዋል። መርከቡ ወደቡ ድረስ ሳይጠጋ በትንሽ ጀልባ የሚያወርድባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሳንቶሪኒ አንዷ ናት፤ ጉልበት ላመመው ሰው ከባድ ነው። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፣ ግን ያስከፍላል፣ ውድም ነው፤ ኢንሹራንሱን አንብቡት። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ አብዛኞቹ ክሩዞች ከ24 ሳምንት በኋላ አያሳፍሩም፤ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃንም እንዲሁ። እና በመነሻው ቀን አትድረሱ፤ በረራ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም። አንድ ሌሊት ቀድማችሁ እደሩ።

ጾሙስ?

ብዙ እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብን አትበላም፤ የሄድንበት ጊዜ ጽጌ ጾም ነበር፣ እሷ ደግሞ ትጾመዋለች። መጀመሪያ ማታ ላይ ለአስተናጋጁ ኃላፊ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበላ ነገርናቸው። «ቪጋን» ማለት ይበቃል፣ ቃሉን ያውቁታል። ከዚያ በኋላ የነገውን ምግብ ዛሬ ማታ ያስመርጧት ነበር። ቡፌው ላይ ባቄላ፣ ሩዝ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ አይጠፋም። የሚጠፋው ቅመሙ ነው፤ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። የብስ ላይ ይህ ችግር አይደለም ማለት ይቻላል፤ ሮም ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፣ ናይሮቢም ሞልቷል።

ገንዘቡ

ክሩዝ ርካሽ የሚመስለው ማስታወቂያው ላይ ነው። የሚጻፈው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲይዝ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ሊከፍል ምንም አይቀረው። ዋጋው ውስጥ ክፍሉ፣ ምግቡ፣ የማታ ትርዒቱና ከከተማ ከተማ የሚወስዳችሁ መጓጓዣ አለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውጭ የሚቀረው ግን ይደመራል። የአገልግሎት ጉርሻ በብዙዎቹ በቀን ለእያንዳንዱ ሰው ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው። አራት ሰው ለሰባት ሌሊት በ16 ዶላር ስናሰላው 448 ዶላር ነው። ዋይፋይ ለብቻ ነው። ለስላሳ፣ ቢራና ወይን ለብቻ ነው። ወደብ ላይ የሚደረገው ጉብኝትም ለብቻ ነው። የሚከፈለው ደግሞ በካርድ ሆኖ መጨረሻ ላይ ስለሚደመር እጃችሁ ላይ ብሩ ሲያልቅ አታዩትም።

የብስ ላይ ሁሉም ነገር ቁርጥራጭ ነው። ይህ ያደክማል፤ ባቡሩን መያዝ፣ ቤቱን መፈለግ፣ የት እንብላ ማለት። ግን ሲጎድል መቀነስ ይቻላል። እኛ ሞምባሳ ላይ ብር ሲያጥረን ሆቴል ቀየርን፣ ቀኑንም አላሳጠርንም። መርከብ ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

ከራሱ ኪስ በብር ለሚያጠራቅም ሰው አንድ ከባድ ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በጥቂት ወራት ወደ እጥፍ ሄደ። በእቁብ ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ በዶላር የተተመነ ክሩዝ ለመክፈል ያሰበ ሰው ያኔ ምን እንደሚሆን አስቡት። ለመንገደኛ ባንክ ምንዛሬ የሚሸጠውም ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስታቀርቡ ነው፤ የክሩዙ ክፍያ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፤ ክሩዙን ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍል ከሆነ በደስታ ሂዱ፤ ከራሳችሁ ደመወዝ ከሆነ የብሱን ምረጡ።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ሐምሌና ነሐሴ አውሮፓ ላይ ዋጋው ጣሪያ የሚነካበት ጊዜ ነው፣ ሙቀቱም እንደዚያው። ትልልቅ ሰዎች ብቻ ከሆናችሁ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው በጣም ይሻላል። ከዱባይ የሚነሱት መርከቦች ደግሞ የሚሠሩት በነሱ ክረምት ነው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ።

ባሕር ማየት ብቻ ከሆነ

«እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ አንዴ ማየት ነው የምፈልገው» የሚል ሰው በየብሎኩ አለ። ምጽዋን ያዩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እኛ ወደብ አልባ ሆነን ነው ያደግነው። ለዚህ ሰው ሰባት ሌሊት መርከብ አያስፈልገውም። ናይሮቢ ይብረር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን ባቡር ይያዝና ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ሞምባሳ ይወርዳል። መንገዱ የጻቮን የዱር እንስሳት ፓርክ ያቋርጣል፤ እኛ በመስኮት ዝሆን አይተናል። ከተማው ውስጥ ፖርቹጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ። ከዚያ ሊኮኒ ላይ ሰውና መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ይሳፈር፤ ለእግረኛ ነፃ ነው። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት። ውሃው ላይ ሆና ፀጉሯን ነፋሱ ሲበትነው የሳቀችውን ሳቅ በትልቁ ክሩዝ ላይ ከማንም አልሰማሁም። ሁለት ቀን ቆይተን ልንመለስ ነበር፤ አራት ሆነ። ማንም ሰዓት አልያዘብንም።

ለጎረቤቴ ምን አልኳቸው

ልጃቸው ሦስት ሳምንት ፈቃድ አላት። እሳቸው ጉልበታቸው ደህና ነው፣ ግን ብዙ መራመድ አይወዱም። ካናዳ ያሉትን የልጅ ልጆቻቸውን በስልክ እንጂ በአካል አይተዋቸው አያውቁም። ለዚህ መርከቡ ነው የሚሻለው አልኳቸው፤ ልጆቹ መዋኛ አላቸው፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ያዩአቸዋል፣ ማታ አንድ ላይ ይበላሉ። ሰባቱን ሌሊት ግን ወደ አምስት ያውርዱት፤ በስድስተኛው ቀን እኛም ሰልችቶን ነበር፣ እናቴም «መሬት መርገጥ አማረኝ» ብላ ነበር። የተረፈውን ቀን ሮም ላይ ቴርሚኒ አጠገብ ቤት ተከራይተው ይቀመጡ። አደባባዩን ለልጅ ልጆቻቸው እያሳዩ የራስ አሉላን ታሪክ ይንገሯቸው፤ እሳቸው አስተማሪ ነበሩና ከማንም አስጎብኚ ይበልጣሉ።

ትናንት ማታ በሩን አንኳኩተው ልጃቸው የላከችውን የመርከቡን ዝርዝር አሳዩኝ። አራተኛው ቀን ላይ ቱኒዚያ አለ። ለልጃቸው እዚያው ደወልንላትና ሌላ ዙር እንድትፈልግ ነገርናት። ቀጠሮ ገና አልያዙም፣ ጊዜ አላቸው።